እትዬ የተረጎመችልን ሲኒማ





አባታችን በ1970 ዓ.ም. ወደ ኦጋዴን ጦር ግንባር ዘምተው በዚያው ቀሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ታላቅ እኅታችን እኔንና ታናሽ ወንድሜን መርካቶ ሲኒማ ራስ ወስዳ፣ መህቡብ ካን ያዘጋጀውንና በ1950 ዓ.ም. የወጣውን «ማዘር ኢንዲያ» አሳየችን። ሕንድኛ ማን ይሰማል? እትዬ ግን እንደ አስተርጓሚ በጆሯችን ታንሾካሹክልን ነበር። ክንዶቹን ቋጥኝ ጨፍልቆበት ቤቱን በሌሊት ጥሎ የሄደው አባት እንደሚመለስ ነገረችን። ፊልሙ አልቆ ስንወጣ «ታዲያ የታለ?» ብንላት፣ «የሚመለሰው በሚቀጥለው ክፍል ነው» አለችን። ያን ክፍል ስንጠብቅ ስንት ዓመት ከረምን!

በቅርቡ ወንድሜ ከውጭ አገር ሲመጣ፣ ሦስታችን ፊልሙን ከነእንግሊዝኛ ጽሑፉ እንደገና ተመለከትነው። አባትየው አይመለስም፤ ሌላ ክፍልም የለውም። ናርጊስ የተጫወተችው እናት፣ ራዳ፣ የገዛ ልጇን ቢርጁን ተኩሳ ትገድለዋለች። (ተኩሱንስ ያን ጊዜም አይተነዋል፤ እትዬ ግን ቆስሎ ድኗል ብላን ነበር።)

ወንድሜ ሳቀና «እትዬ፣ ስንቱን ዋሽተሽናል!» አላት። እሷ አልሳቀችም። «የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ለእናንተ ስነግር እኔም እያመንኩት ነበር» አለች።

ጥቂት ዝም አልን። ከዚያ ወንድሜ ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶ፣ አባትየው ከቤት ከሚወጣበት ላይ አቆመውና እትዬ እንድትተረጉምልን ለመናት።

አንድ አንባቢ
ከአዲስ አበባ