ህመሙ ቆመ ማለት ጠጠሩ ወጣ ማለት አይደለም

«ቢራ ጠጣሁበት፣ ለቀቀኝ።» የኩላሊት ጠጠር የታመመ ሰው ባለበት ጨዋታ ይህን የማይል አይጠፋም። አንዱ በቢራው ፈንታ የገብስ ውሃ ይላል፣ ሌላው ተልባ፣ ሌላው ደግሞ ከመድኃኒት አዋቂ ቤት በጠርሙስ ያመጣውን የቅጠል ውሃ። መድኃኒቱ ቢለያይም ማስረጃቸው አንድ ነው፤ ህመሙ ቆሟል፣ ስለዚህ ጠጠሩ ወጥቷል። በተልባው ከማንም ጋር አልከራከርም። ይህን መደምደሚያ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ የሰው ኩላሊት ሲያጠፋ አይቻለሁና።

እምነቱ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። ከ5 ሚሊ ሜትር የማያልፍ ጠጠር ከኩላሊት ወደ ሽንት ቱቦ ሲወርድ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይወጣል። ሐኪሞችም ትኩሳትና ሌላ አደጋ ከሌለ ማስታገሻ ሰጥተው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ ይጠብቃሉ። እንግዲህ በዚያ ሳምንት የተጠጣው ነገር ሁሉ፣ ቢራም ይሁን ቅጠል፣ የማይገባውን ምስጋና ይወስዳል። የሚሟሟ ጠጠርም በእርግጥ አለ። ከዩሪክ አሲድ የተሠራው ዓይነት የሽንትን አሲድነት በሚቀንስ መድኃኒት፣ በሐኪም ክትትል፣ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ሊሟሟ ይችላል። ከሁሉም በላይ የሚበዛውን የካልሲየም ኦክሳሌት ጠጠር ግን የሚያሟሟ መድኃኒት እስካሁን የለም።

ታዲያ ጠጠሩ ሳይወጣ ህመሙ ለምን ይቆማል? ያን ሰው መሬት ላይ የሚያንከባልል ህመም የሚያመጣው የጠጠሩ ስለት ብቻ አይደለም። ቱቦው ሲዘጋ ሽንት ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ ኩላሊቱም ይወጠራል። ዋናው ህመም ከዚህ ውጥረት ነው። መዘጋቱ ሲቀጥል ኩላሊቱ ማጣራቱን እየቀነሰ ይሄዳል፣ ውጥረቱም ይረግባል፣ ሰውየውም «ተገላገልኩ» ይላል። በዚህ ጊዜ ኩላሊቱ ሥራ እያቆመ ሊሆን ይችላል። ሽንት እንደ ወትሮው መውረዱም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ጤነኛው ኩላሊት የሁለቱን ሥራ ይሸፍናል። የደም ምርመራ እንኳ ደህና ሊመስል ይችላል። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ኩላሊት ለሳምንታት ከቆየ የደረሰበት ጉዳት ላይመለስ ይችላል።

የማውቀው አንድ የታክሲ ሹፌር እንዲህ ሆኗል። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ነው፤ ሽንት እንዳያስቸግረው ውሃ አይጠጣም። ህመሙ ሲለቀው ለጓደኞቹ ሁሉ መካሪ ሆነ። ቆይቶ በሌላ ምክንያት ሲመረመር ግራ ኩላሊቱ ውሃ ቋጥሮ፣ ሥጋው ሳስቶ ተገኘ። ጠጠሩ ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ ኩላሊቱ ግን ሊድን አልቻለም። ስለዚህ በስልክ ቪዲዮ «ጠጠር በ3 ቀን የሚያሟሟ» እያሉ ጠርሙስ የሚሸጡትን ሳይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ከገዢዎቻቸው ስንቱን ከመጠጣቱ በፊትና በኋላ አስመርምረዋል? አንዱንም ካላስመረመሩ የሚያቀርቡት ምስክር ሁሉ ዋጋ የለውም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ህመሙ ቢቆምም ባይቆምም አልትራሳውንድ ይነሱ። በቱቦው መካከል የተቀመጠን ጠጠር ሊስት ይችላል፤ ኩላሊቱ ውሃ መቋጠሩን ግን በደንብ ያሳያል፣ ዋናው ጥያቄም እሱ ነው። የበለጠ ማጣራት ካስፈለገ ሲቲ ስካን አለ። ሽንትዎን በማጥለያ እያጠለሉ ጠጠሩን ከያዙት ደግሞ ለምርመራ ይውሰዱት፤ ዓይነቱ ሲታወቅ መከላከያውም ይታወቃል። ከህመሙ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ወይም ሽንት ጨርሶ ከቆመ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። በተዘጋ ኩላሊት ውስጥ ያለ ኢንፌክሽን ወደ ደም ገብቶ ሰው ይገድላል።

ብዙ ሰው ከቅጠሉ የማይላቀቀው ቢላዋ ስለሚፈራ ነው፤ ይህ ፍርሃት ይገባኛል። የወላጆቻችን ትውልድ ያየው ጎን ተከፍቶ ጠጠር ሲወጣ፣ ከዚያም ሰው ለሳምንታት ተኝቶ ሲያገግም ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ግን ስዊድን ውስጥ በጀርባ በተበሳች ትንሽ ቀዳዳ መሣሪያ አስገብተው ጠጠር አወጡ። ዛሬም ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆኑ የኩላሊት ጠጠሮች የሚመረጠው ይኸው ዘዴ ነው። በ1980 ሙኒክ ላይ ክርስቲያን ሾሲና ባልደረቦቹ ከሰውነት ውጭ በሚላክ ሞገድ የመጀመሪያውን ሰው ጠጠር ሰባበሩ። መሣሪያውን የሠራው ዶርኒየር የተባለ የአውሮፕላን ኩባንያ ነው። ሦስተኛው መንገድ በተፈጥሮው የሽንት መውጫ ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ ጠጠሩን በሌዘር ማድቀቅ ነው፤ ሰውነት አይቀደድም፣ ብዙ ታካሚም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤቱ ይገባል። እነዚህ ሕክምናዎች በየከተማው አይገኙም፣ ዋጋቸውም ለብዙዎች ከባድ ነው፤ ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ቢሆንም «ወይ ቅጠል ወይ ቢላዋ» የሚባለው ምርጫ ካለፈ ቆይቷል። ቱቦውን ያላላል ተብሎ የሚታዘዘው ታምሱሎሲን ላይ ግን ባለሙያዎቹም አልተስማሙም፤ ለትንንሽ ጠጠሮች ጥቅሙ እምብዛም ነው የሚሉ ትልልቅ ጥናቶች አሉ።

የቀሩትን የተሳሳቱ እምነቶች በአጭሩ ልለፋቸው። ጠጠሩ ከጤፍ ጋር የተፈጨ አሸዋ አይደለም። የተዋጠ አሸዋ በአንጀት ያልፋል፤ ጠጠር የሚሠራው ሽንት ሲወፍር በውስጡ ከሚረጉ ጨዎች ነው። ወተት መተውም አይረዳም። ጣሊያን ውስጥ ጠጠር የሚመላለስባቸው 120 ወንዶች ለ5 ዓመት ተጠንተው ነበር። ካልሲየም ከቀነሱት 60ዎቹ 23ቱ ዳግመኛ ጠጠር ሲይዛቸው፣ ካልሲየሙን ሳይነኩ ጨውና ሥጋ ከቀነሱት 60ዎቹ የያዛቸው 12ቱን ብቻ ነው። ከምግብ ጋር የሚበላ ካልሲየም ኦክሳሌትን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። «አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ ክልክል ነው» የሚለውም ልክ አይደለም፤ ኦክሳሌት የበዛበት ቆስጣ ነው፣ ጎመን ግን ጥቂት ብቻ አለው። ቢራ ጠጪዎች ጠጠር እንደሚያንሳቸው ያሳዩ ጥናቶች መኖራቸው እውነት ነው። ያ ግን የተሰነቀረን ጠጠር ቢራ ያወጣል ማለት አይደለም፤ ቱቦው ተዘግቶ ሳለ በግድ ፈሳሽ መሙላት ጠጠሩን እንደሚያስወጣ አልተረጋገጠም። ለመከላከል ውሃ ይበቃል። ልኩም ቀኑን ሙሉ 2.5 ሊትር ያህል ሽንት እስኪወጣ ነው። በዓረብ አገር ሙቀት ውስጥ የሚሠሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በላብ ብዙ ስለሚያጡ ከዚያም የበለጠ መጠጣት አለባቸው።

ለታከሙት አንድ ነገር ልጨምር። ከሌዘር ሕክምና በኋላ ብዙ ጊዜ ስቴንት የሚባል ቀጭን ቱቦ ከኩላሊት እስከ ፊኛ ድረስ ይቀመጣል። ጊዜያዊ ነው። ከተረሳ ግን ከወራት በኋላ ራሱ ጠጠር ለብሶ ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። ከሆስፒታሉ ሲወጡ ስቴንት ገብቶልዎት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ገብቶ ከሆነ የሚወጣበትን ቀን በወረቀት ተጽፎ ይቀበሉ፣ ለቤተሰብዎም ይንገሩ።