ፒዲፒ-8፦ በስምንት ትእዛዝ ብቻ የምትሠራ ኮምፒውተር

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒውተር የተቋም ንብረት እንጂ የአንድ ሰው የሥራ መሣሪያ አልነበረም። ሰፊ ክፍል፣ የማያቋርጥ ማቀዝቀዣ፣ የራሱ ባለሙያዎችና በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። ተመራማሪው ስሌቱን በካርድ አስበስቶ ለባለሙያዎቹ ያስረክባል፤ መልሱንም ወረፋ ጠብቆ ይቀበላል። አንዲት ስህተት ከተገኘች ደግሞ ወረፋው እንደገና ይጀመራል። ይህን ሥርዓት ከለወጡት ማሽኖች ግንባር ቀደሟ እ.ኤ.አ. በማርች 1965 ለገበያ የቀረበችው ፒዲፒ-8 ናት። ቁመቷ ከአንድ አነስተኛ ፍሪጅ አይበልጥም፤ ዋጋዋም 18,000 ዶላር ገደማ ነበር።

ሠሪዋ ዲጂታል ኢኪውፕመንት ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ዴክ፣ ኬን ኦልሰንና ሃርላን አንደርሰን በ1957 ያቋቋሙት ኩባንያ ነው። መቀመጫው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሜይናርድ ከተማ፣ በአንድ አሮጌ የሱፍ ፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ ነበር። የማሽኗ ዋና ነዳፊ ኤድሰን ደ ካስትሮ ይባላል። ከእሷ በፊት በ1963 የወጣች ፒዲፒ-5 የምትባል ታላቅ ነበረቻት። የፒዲፒ-5ም ውጥን የመጣው በካናዳ ቾክ ሪቨር የሚገኘው የኑክሌር ማዕከል ሪአክተሩን የሚከታተልበት መሣሪያ በመፈለጉ ነው።

የዋጋዋ ማነስ ሚስጥር ቁጠባ ነው። በዘመኑ የነበሩ ትላልቅ ኮምፒውተሮች 36 ቢት (ዜሮ ወይም አንድ የምትይዝ ቦታ) ያለው ቃል፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚሠራበት የቢቶች ጥቅል፣ ሲጠቀሙ የፒዲፒ-8 ቃል 12 ቢት ብቻ ነበር። ቢት በተቀነሰ ቁጥር ሽቦውም፣ ትራንዚስተሩም፣ ዳዮዱም አብሮ ይቀንሳል። ሚሞሪዋ የሚይዘው 4,096 ቃላት ሲሆን ሲያስፈልግ እስከ 32,768 ሊሰፋ ይችላል። ከእያንዳንዱ ትእዛዝ 12 ቢቶች ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የትእዛዙን ዓይነት ይናገራሉ፤ በሦስት ቢት ከስምንት ዓይነት በላይ መጻፍ አይቻልምና መሠረታዊ ትእዛዞቿም ስምንት ሆነው ቀሩ። መደመር፣ ማስቀመጥ፣ መዝለልና ከውጭ መሣሪያ ጋር መነጋገር ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

መቀነስ ግን የለም። ታዲያ ከ10 ላይ 3 እንዴት ይቀነሳል? በአሥራ ሁለት ቢት 3 ሲጻፍ 000000000011 ነው። ፕሮግራመሩ ዜሮውን ወደ አንድ፣ አንዱን ወደ ዜሮ ያገለብጥና 1 ይጨምርበታል፤ 111111111101 ይሆናል። በዚህ ላይ 10ን፣ ማለትም 000000001010ን ይደምራል። ከአሥራ ሁለቱ ቢቶች የተረፈችው አንድ «ሊንክ» ወደምትባል የብቻዋ ቢት ትሄዳለች፤ የቀረው 000000000111፣ ማለትም 7 ነው። መደመርና መገልበጥ እስካለ ድረስ ለመቀነስ ተጨማሪ ሰርኪዩት መግዛት አያስፈልግም።

ማሽኗን ማስነሳትም የእጅ ሥራ ነበር። ተጠቃሚው ከፊቷ በተደረደሩት 12 ማብሪያ ማጥፊያዎች እያንዳንዱን ቢት ከፍና ዝቅ እያደረገ ከሃያ የማይበልጡ ቃላት በእጁ ያስገባል። እነዚህ ቃላት የተበሳ የወረቀት ጥቅልል ማንበብ ያስችሏታል፤ ቀሪው ፕሮግራም በሰከንድ 10 ፊደል ብቻ በሚያነበው ቴሌታይፕ በኩል ይገባል። ደግነቱ ሚሞሪዋ በሽቦ ላይ ከተሰኩ ደቃቅ የማግኔት ቀለበቶች የተሠራ ስለነበር መብራት ቢጠፋም የያዘውን አይረሳም። ማታ የጠፋችው ማሽን ጠዋት ካቆመችበት ልትቀጥል ትችላለች።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቧ በዛ። በ1966 የወጣችው ፒዲፒ-8/ኤስ ከ10,000 ዶላር በታች ተሸጠች። ርካሽ የሆነችው ቢቶቹን በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንድ በአንድ ስለምትደምር ነው፤ በዚህም ምክንያት ፍጥነቷ እጅግ ወረደ። በዚያው ዓመት ሊንክ-8 የተባለ፣ ከአንድ የቤተ ሙከራ ማሽን ጋር የተጣመረ ሞዴል ወጣ። በ1968 የመጣችው 8/አይ በተናጠል ትራንዚስተሮች ፋንታ የተቀናጁ ሰርኪዩቶችን ያዘች፤ 8/ኤልም ዋጋዋን ዝቅ አድርጋ ተከተለቻት።

ትልቁ የሃርድዌር ለውጥ የመጣው በ1970 በ8/ኢ ነው። ይህች ሞዴል «ኦምኒባስ» የተባለ የጋራ መስመር ነበራት። ፕሮሰሰሩም፣ ሚሞሪውም፣ የውጭ መሣሪያ መቆጣጠሪያውም በቦርድ በቦርድ ተሠርተው በዚያው መስመር ላይ ይሰካሉ። ደንበኛው የሚያስፈልገውን ቦርድ መርጦ ይገዛል፤ ሥራው ሲሰፋ ሌላ ይጨምራል። 8/ኤፍና 8/ኤም የእሷ አነስ ያሉ ቅርጾች ናቸው። በ1970ዎቹ አጋማሽ 8/ኤ በሴሚኮንዳክተር ሚሞሪ መጣች። በዚያው ወቅት ኢንተርሲል የተባለው ኩባንያ ፕሮሰሰሯን በሞላ በአንድ ቺፕ ላይ አሳረፈው። ዴክም ያንን ቺፕ ቪቲ78 በተባለ ስክሪን ውስጥ ከተተው፤ በ1980ዎቹም የቤተሰቧን አባላት ዴክሜት በሚል ስም ለቢሮ የጽሕፈት ሥራ ሸጠ።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የማሽኗ አካል ከዳዮድና ትራንዚስተር ወደ ተቀናጀ ሰርኪዩት፣ ከዚያም ወደ አንድ ቺፕ ተለወጠ። ስምንቱ ትእዛዞች ግን ባሉበት ጸኑ። ቤተሰቧ ከ50,000 በላይ ተሸጦ ወደ ቤተ ሙከራ፣ ወደ ፋብሪካና ወደ ትምህርት ቤት የገባው፣ በእኔ እምነት፣ ነዳፊዎቿ የሚበቃው ምን ያህል እንደሆነ አስቀድመው ስላወቁ ነው።

ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ በአቅሙ ከእሷ እጅግ ይበልጣል፤ ነገር ግን ከላይ እስከ ታች ሥራውን አንድ ሰው ብቻውን ሊያውቀው አይችልም። ፒዲፒ-8ን ግን ትጉህ ተማሪ በጥቂት ሳምንት ሙሉ በሙሉ ሊረዳት ይችላል። ሲምኤች የተባለው ነፃ ፕሮግራም በማንኛውም ላፕቶፕ ላይ እሷን አስመስሎ ያሠራል። ኮምፒውተር የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ ዘመናዊዎቹ ፕሮሰሰሮች ከመውሰዳችሁ በፊት በእነዚህ ስምንት ትእዛዞች አስጀምሯቸው።