የተጠላ መሪ ሁሉ ይወድቃል ያለው ማነው?

ከአስኮት ቬል፣ ሜልበርን (ጥር 2018 ዓ.ም.)

«ይቺ ሴትዮማ አለቀላት!»

ባለፉት ወራት በአስኮት ቬልና በፍሌሚንግተን ይህን ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት የለም። ታክሲ የሚነዳው ይላል፣ ሆስፒታል የምትሠራዋ ነርስ ትላለች፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ እንኳ ይላል። «ሴትዮዋ» የተባሉት የቪክቶሪያ ፕሪሚየር ጃሲንታ አለን ናቸው፤ በእኛ አገር አጠራር የክልል ፕሬዚዳንት በሏቸው። ምርጫው እንደ ፈረንጆቹ ኖቬምበር 28 ቀን 2026፣ በእኛ ኅዳር 19 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ በሥራቸው የማይረካው ሰው ከሚረካው በብዙ ይበልጣል። እስከዚህ ድረስ እኔም እስማማለሁ። የማልስማማው «ስለዚህ» ከሚለው ቃል በኋላ በሚመጣው ላይ ነው።

መጠላታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የክልሉ የተጣራ ዕዳ በ2029 አጋማሽ 194 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚደርስ የራሳቸው መንግሥት በጀት ተንብዮአል። የ2026 የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ዝግጅት በጁላይ 2023 ሲሰረዝ ለካሳ ብቻ 380 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል፤ የዝግጅቱ ኃላፊ ሚኒስትር የነበሩት ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ወንጀሉና የገጀራው ነገር የየምሽቱ ዜና ሆኗል። ሥልጣኑንም ያገኙት ዳንኤል አንድሩስ በሴፕቴምበር 2023 ሲለቁ ፓርቲያቸው መርጧቸው እንጂ በሕዝብ ድምፅ አይደለም። ሌበር ከ2014 ጀምሮ ወንበሩ ላይ አለ። ሰው መሰልቸቱ አይገርምም።

ታዲያ ለምንድን ነው «አለቀላት» ለማለት የማልደፍረው? በ2022 የሆነውን ተመልከቱ። ሌበር ያኔ ያገኘው የመጀመሪያ ምርጫ ድምፅ 37 በመቶ ገደማ ነበር። ከመቶ ሰው 63ቱ «1» ቁጥርን ሌላ ቦታ ጻፈ ማለት ነው። ከ88ቱ የታችኛው ምክር ቤት ወንበሮች ግን ሌበር 56ቱን ወሰደ። ማጭበርበር የለበትም፤ ሒሳቡ ነው። እዚህ መራጩ ዕጩዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ በቅደም ተከተል ይጽፋል። አንደኛ ያልከው ሰው ከወደቀ ድምፅህ አይሞትም፣ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ሌበርን ተናዶበት ለግሪንስ የሰጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሊበራል በፊት ሌበርን ይጽፋል። ቁጣው በወረቀቱ ላይ ይሰፍራል፣ ድምፁ ግን ዞሮ ዞሮ ወደ ቤቱ ይገባል። መራጩ የሚጠየቀው «አለንን ትወዳለህ ወይ?» ተብሎ አይደለም፤ «ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ይበልጥ ትጠላለህ?» ተብሎ ነው ቢባል ይቀላል። ድምፅ መስጠት ግዴታ ስለሆነ ደግሞ የሰለቸው ቤቱ አይቀርም፤ ተሰልችቶም ቢሆን ይሰለፋል።

ተቃዋሚው ወገንስ? ሊበራሎች በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መሪ አውርደዋል። ጆን ፔሱቶ የገዛ ፓርቲያቸው አባል በስም ማጥፋት ከስሳቸው ከተረቱ በኋላ በዲሴምበር 2024 ተነሱ። የተተኩት ብራድ ባቲን ዓመት ሳይሞላቸው በኖቬምበር 2025 ቦታውን ለጄስ ዊልሰን ለቀቁ። ዊልሰን ወጣት ናቸው፣ ንግግራቸውም ጥሩ ነው፤ እኔም አዳምጫቸዋለሁ። ነገር ግን መንግሥት ለመመሥረት 45 ወንበር ያስፈልጋል፤ የሳቸው ወገን ዛሬ ካለው ላይ ከ15 በላይ መጨመር አለበት። ያን ያህል ወንበር በአንድ ምርጫ መንጠቅ እንደ አፍ አይቀልም።

«ዋናው መለኪያው ነው፣ መለኪያው አይዋሽም» ለሚለኝ የአስኮት ቬልን ታሪክ አስታውሰዋለሁ። ሰፈራችን በፌዴራል ደረጃ ያለበት የማሪቢርኖንግ ምርጫ ክልል ለረጅም ዓመታት በቢል ሾርተን የተወከለ ነው። በሜይ 2019 ሾርተን ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናሉ ያላለ አልነበረም። መለኪያው ሁሉ ሌበርን ያስቀድም ነበር፣ አንድ ትልቅ የውርርድ ድርጅትማ ምርጫው ሳይደረግ ሁለት ቀን ቀድሞ ለሌበር ለተወራረዱት ገንዘባቸውን ከፍሎ ነበር። ያሸነፉት ስኮት ሞሪሰን ናቸው። ስድስት ዓመት ቆይቶ ነገሩ ተገለበጠ፦ በ2025 መግቢያ ላይ አንቶኒ አልባኔዚ በየመለኪያው ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። ሜይ 3 ግን ፓርቲያቸው በ34 በመቶ ገደማ የመጀመሪያ ምርጫ ድምፅ ከ150ው ወንበር 94ቱን ወሰደ፣ ተቀናቃኛቸው ፒተር ደተን የራሳቸውን ወንበር እንኳ አጡ።

ወደ አገር ቤት ልመለስ። «ተጠላ» እና «ወደቀ» አንድ ናቸው ብለን የምናስበው ለምንድን ነው? እንደሚመስለኝ ከ1997 ዓ.ም. የተረፈን ነው። ቅንጅት አዲስ አበባ ላይ ያሉትን 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮች ጠራርጎ ሲወስድ፣ ከተማ ውስጥ ለነበረ ሰው ኢሕአዴግ ያለቀለት ነበር። በይፋ የተነገረው ውጤት ግን ከ547ቱ 327ቱን ለኢሕአዴግ ሰጠ። ተቃዋሚዎች ተሰርቀናል አሉ፣ ደም ፈሰሰ፤ በኋላ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አረጋገጠ። ከዚያ በ2007 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም ወሰዱ፣ አንድ እንኳ ሳይቀር! ከዚህ ታሪክ የመጣ ሰው የተጠላ መሪ ሲያሸንፍ ካየ «ተሰረቀ» ከማለት ሌላ ምን መልስ ይኖረዋል? አንዱ ወንድማችን ለሜልበርኑ የ2022 ምርጫ እንኳ ይህንኑ ማብራሪያ ሰጥቶኛል። አልፈርድበትም። ግን እዚህ ያለው ችግር ሌላ ነው፣ ሌላ መልስም ይፈልጋል።

ችግሩ ምንድን ነው ለሚል ሰው ፍሌሚንግተንን ላሳየው። ጁላይ 4 ቀን 2020 በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን ዘጠኝ የመንግሥት ቤት ፎቆች፣ «ኮሚሽን» የምንላቸው፣ ያለ ማስጠንቀቂያ በፖሊስ ተዘጉ። 3,000 ያህል ነዋሪ፣ ከመካከላቸውም ብዙ የእኛ ሰው፣ ምግብና መድኃኒት ሳይዝ ቤቱ ተቆለፈበት። የክልሉ እንባ ጠባቂ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አዘጋጉ የሰብአዊ መብት ሕጉን ይጥሳል ብለው ጻፉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ምርጫ ሲመጣ ያው መንግሥት አሸነፈ፣ በእኛው ሰፈርም አሸነፈ። በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ 44ቱም ፎቆች እስከ 2051 ፈርሰው እንደገና ይሠራሉ ተባለ። እናቶቻችን «ስንመለስ ቦታችን ይጠብቀናል ወይ?» ብለው በየስብሰባው ይጠይቃሉ። አጥጋቢ መልስ ያገኘ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሌበር ይህን ሰፈር እንደ ርስቱ ነው የሚያየው፤ ለርስት ደግሞ ማን ይለማመጣል?

በሌላው በኩል ያለውም አያስደስትም። የ2018ቱን «የአፍሪካ ወሮበሎች» ዘመቻ የረሳ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ልጆቻችን ሦስት አራት ሆነው ባቡር ሲሳፈሩ ሰው የሚሸሻቸው ጊዜ ነበር። ያ ዘመቻ ለሊበራሎች ምንም አላተረፈም፣ ሌበር 55 ወንበር ይዞ ተመለሰ። ዘንድሮ ግን ወንጀል እንደገና የምርጫው አጀንዳ ነው፣ መንግሥትም እንዳይቀደም ብሎ የዋስ ሕጉን በ2025 አጥብቋል። የማይወደድ መሪ ሲጨነቅ የሚጨክነው ድምፁ በማያሰጋው ሰው ላይ እንደሆነ ልብ በሉ።

ለአለን እውነተኛው አደጋ የት ነው ካላችሁኝ፣ ሁለት ቦታ እላለሁ። አንደኛው የገዛ ፓርቲያቸው ነው። በዚህ አገር መሪ የሚወድቀው ከሕዝብ ይልቅ በባልደረቦቹ እጅ ነው፤ ራድ፣ ጊላርድ፣ አቦት፣ ተርንቡል ሁሉም እንዲያ ሄዱ። ሁለተኛው የምዕራብ ዳርቻው ነው። በፌብሩዋሪ 2025 በዌሪቢ የማሟያ ምርጫ የሌበር የመጀመሪያ ምርጫ ድምፅ ከ45 በመቶ ወደ 29 በመቶ ገደማ ወረደ፣ ወንበሩ የተረፈው በጥቂት መቶ ድምፅ ነው። ግምቴን ከጠየቃችሁኝ ሌበር ብዙ ወንበር ያጣል፣ ምናልባትም ከገለልተኞች ጋር ተደራድሮ ይቆማል፤ «አለቀላት» ግን ገና ነው።

ዌሪቢ፣ ታርኔት፣ ሜልተን እንግዲህ የእኛ ሰው ቤት እየገዛ የሄደባቸው ሰፈሮች ናቸው። አስኮት ቬል ላይ አንድ ሺህ ሐበሻ ቢቆጣ ወንበሩ አይነቃነቅም፤ እዚያ ሦስት መቶው ስለ ፎቆቹና ስለ ልጆቹ ዕጩዎቹን ሰብስቦ ቢጠይቅ በማግስቱ ስልክ ይደወልለታል። ዜግነት ያልወሰደና በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ድምፅ ባይሰጥም ስብሰባ ጠርቶ መጠየቅ ማንም አይከለክለውም። ዜጋ የሆነውም ቢሆን፣ «አለቀላት» የሚለኝ ወዳጄ ታርኔት ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ባለፈው ስጠይቀው የመራጭ አድራሻውን ገና አልቀየረም።