በቆላ ሙቀት ጊዜ ሰውነትን ስለሚያቀዘቅዝ ልብስና መሣሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ አዳማ ሲደርስ ካፖርቱን ያወልቃል፤ መተሐራ ሲደርስ ግን ሸሚዙም ይከብደዋል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖራት መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ናትና። በዚያ ዝቅተኛ አገር ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነው። የሸንኮራም ቈረጣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተዠምሮ እስከዚሁ የበረታ ወራት ድረስ ይዘልቃል።

ሰው ለብሶት የሚቀዘቅዝበት መሣሪያ ዛሬ በውጭ አገር በብዙ ዓይነት ተሠርቶ ይሸጣል። በአንገት ላይ የሚንጠለጠል ባለ ባትሪ ማራገቢያ አለ። በጃፓን አገር የሕንፃ ሠራተኞች በወገቡ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ ማራገቢያዎች የተሰፉበት ኮት ይለብሳሉ። በረዶ በኪሱ የሚያዝበት ሰደርያ አለ፤ ውሃ ጠጥቶ ቀስ በቀስ የሚደርቅ ሰደርያም አለ። እ. ኤ. አ. በ1969 ዓ. ም. ጨረቃን የረገጡት ሰዎች ከውስጥ የለበሱት ቀዝቃዛ ውሃ በቀጫጭን ቱቦዎች የሚዘዋወርበት ልብስ ነበረ። እንግዲህ ይህን የመሰለውን ዕቃ ለሠራተኞቻቸው ለመግዛት የሚያስቡ ባለ እርሻዎችና የወረዳ ሹማምንት ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት የነገሩን ሥር ቢመረምሩ ይገባል።

የሰው ገላ በሙቀት ጊዜ የሚቀዘቅዘው ላቡ ሲደርቅ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከገላ ላይ ሲደርቅ ይዞት የሚሄደው ሙቀት፥ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ስድስት ሊትር ያህል ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። የሸክላ እንስራ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ሥርዓት መሆኑን እናቶቻችን ከማናቸውም መሐንዲስ አስቀድመው ያውቁታል። እንግዲህ ማራገቢያ ብርድን አይፈጥርም፤ ላብ ቶሎ እንዲደርቅ ብቻ ያግዛል። ስለዚህም የዓለም የጤና ድርጅት፥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ማራገቢያ ሰውነትን ያሞቃል እንጂ አያቀዘቅዝም ብሎ ያስጠነቅቃል። በአዳማ በጽሕፈት ቤት ለተቀመጠ ወይም በባጃጅ ለሚሠራ ሰው የአንገቱ ማራገቢያ ምቾት መስጠቱን አንክድም፤ ገጀራ ይዞ ለሚውል ሰው ግን ጥቅሙ ጥቂት ነው። የበረዶውም ሰደርያ በረዶው ከቀለጠ በኋላ ሸክም ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ በረዶ ማምረቻና ማመላለሻ በእርሻው አጠገብ ካልተገኘም ከመዠመሪያው አይታሰብም።

ነገሩ በብርቱ የሚያስፈልገው በሸንኮራው እርሻ ነው። ወንጂ በሆላንዶች ኩባንያ በ1946 ዓ. ም. ስኳር ማውጣት ዠመረ፤ መተሐራም በ1962 ዓ. ም. ተከተለ። ሸንኮራው ከመቈረጡ በፊት ቅጠሉ ይቃጠላል፤ ቈራጩም በጥላሸት መካከል ይሠራል። በረጃጅሙ ሸንኮራ መካከል ነፋስ አይገባም፤ መሬቱም በመስኖ የራሰ ስለ ሆነ ላብ እንደ ልብ አይደርቅም። ከቈራጮቹም ብዙዎቹ ከደጋ የወረዱ ናቸው፤ የደጋ ሰው ገላ ደግሞ ቆላን እስኪለምድ ድረስ አንድና ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ አዲስ ገብ ሠራተኛ በመዠመሪያው ቀን የሥራውን አንድ አምስተኛ ብቻ ሠርቶ በየቀኑ እየጨመረ ቢሄድ መልካም እንደ ሆነ ባለሙያዎች ይመክራሉ።

በማዕከላዊ አሜሪካ በኤል ሳልቫዶርና በኒካራጓ ብዙ ወጣት ሸንኮራ ቈራጮች በኩላሊት በሽታ አልቀዋል። የሊቃውንቱም ምርመራ በብርቱ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ መድከምን ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ያየዋል። በዚያ አንዳንድ እርሻዎች የመረጡት መድኃኒት ውሃ፣ ጥላና ዕረፍት ነበረ።

ለእኛም ቆላ ከሁሉ የሚቀድመው ይኸው ነው። በውሃ የተነከረ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በአንገት ላይ፥ ሰፊ የሣር ባርኔጣ በራስ ላይ፥ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ፥ በእርሻው ዳር የሚተከልና ከሥራው ጋራ የሚዛወር ዳስ፤ የዚህ ሁሉ ዋጋ ከአንድ ባለ ማራገቢያ ኮት ዋጋ አይበልጥም። ሥራው በንጋት 12 ሰዓት ተዠምሮ ከ5 ሰዓት በኋላ ቢያርፍ፥ ከዚያም ከ9 ሰዓት ወዲህ ቢቀጥል ይሻላል። ነገር ግን በቁርጥ ዋጋ የሚሠራ ሰው ለውሃ ብሎ አይቆምም፤ የቆመበት ጊዜ ከደመወዙ የሚጐድል ነውና። ስለዚህ የዕረፍቱ ትእዛዝ ከካቦው መውጣት፥ የዕረፍቱም ዋጋ በሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅንና የመከላከያ ልብስና ዕቃ ማቅረብን በአሠሪው ላይ የጣለ ስለ ሆነ፥ የወረዳ ሹማምንት እርሻ ሲጐበኙ የውሃው በርሜል ከቈራጩ ስንት ርምጃ እንደሚርቅ በዓይናቸው ይመልከቱ።

ከሠራተኞቹ አንዱ ገላው እንደ እሳት ግሎ ንግግሩ ቢዘባረቅ፥ ሰክሯል ብሎ ማለፍ አይገባም። ወዲያው ወደ ጥላ አግብቶ ልብሱን ማላላት፥ መላ ገላውን በውሃ እያራሱ ማራገብ፥ ቶሎም ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። ልቡን ለሳተ ሰው ግን ውሃ በአፉ አይሰጥም።