በቤቱ ምስል ላይ የምትታየው ፀሐይ የየት አገር ናት?

በጅማ ከተማ፣ በቦሳ ኪቶም ሆነ ከከተማዋ ወጣ ብለው በሚገኙት የቡና ከተሞች፣ ቤት ለመሥራት ወይም ለመግዛት ያሰበ ሰው መሠረቱ ሳይቆፈር የሳሎኑን መልክ በምስል ማየት ይችላል። በኮምፒውተር የሚዘጋጀው ይህ ምስል ከፎቶግራፍ ለመለየት ያስቸግራል፤ ወለሉ ያብረቀርቃል፣ በመስኮት የገባው የቀትር ብርሃንም እስከ ሶፋው ድረስ ይዘረጋል። የብዙ ዓመት የቡና ገቢ የሚፈስበት ውሳኔ በእንዲህ ያለ ምስል ላይ ሊመሠረት ስለሚችል፣ ብርሃኑና ጥላው እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

የጥላን ጠባይ የቡና ገበሬ አሳምሮ ያውቀዋል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ያለ የቡና ቅጠል ጠርዙ ጥርት ያለ ጥላ ይጥላል፤ ከፍ ብሎ የተንሰራፋው የሰሳ ወይም የዋንዛ ቅጠል ጥላ ግን ጠርዙ የደበዘዘ ነው። ይህም የሚሆነው ፀሐይ ከምድር ስትታይ እንደ ነጥብ ሳይሆን ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ያላት ክብ ሆና ስለምትታይ ነው። በዚህ የተነሣ የጥላው ጠርዝ በ1 ሜትር ርቀት 9 ሚሊሜትር ገደማ፣ በ10 ሜትር ደግሞ 9 ሴንቲሜትር ገደማ ይሳሳል። ይህን ያልጠበቀ የኮምፒውተር ምስል ጥላው ሁሉ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ከጠረጴዛው እግር ሥር መታየት የሚገባት ትንሽ ጥቁረት ከጠፋች ደግሞ ጠረጴዛው በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፤ ተመልካቹ ምክንያቱን ባይናገረውም ዓይኑ አይቀበለውም።

ከጥላ ይልቅ አስቸጋሪው ግን ነጥሮ የሚመለሰው ብርሃን ነው። ኮርኒስ ፀሐይ በቀጥታ አትነካውም፤ ሆኖም በቀን አይጨልምም፤ ወለልና ግድግዳ የተቀበሉትን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሱለታልና። ወለሉ ቀይ ከሆነ ነጩ ግድግዳ ከታች በኩል ቀላ ይላል። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1984 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ይህን የብርሃን ቅብብሎሽ ለማስላት ባለ ቀለም ግድግዳ ያለው ባዶ ሣጥን መረጡ፤ ቆየት ብለውም ሣጥኑን በእውን ሠርተው ከኮምፒውተሩ ምስል ጋር አነጻጸሩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ጀምስ ካጂያ ጉዳዩን በአንድ የሒሳብ ቀመር አጠቃለለው። ዛሬ በነጻ የሚገኘው ብሌንደርን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ከካሜራው የሚነሡ እጅግ ብዙ ጨረሮች ከገጽ ወደ ገጽ እየነጠሩ የብርሃኑን ምንጭ እንዲያገኙ ይደረጋል።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ምስሉ እውነት እንዲመስል የሚያደርገውን ነው። እውነት መምሰልና እውነት መሆን ግን የተለያዩ ናቸው። ሶፍትዌሩ የፀሐይን ቦታ የሚያሰላው ሠሪው በነገረው አገር፣ ቀንና ሰዓት ሲሆን፣ ቦታው ካልተነገረው ወይም ፀሐይዋ ለውበት ሲባል በእጅ ከተቀመጠች ብርሃኑ የሌላ አገር ይሆናል። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። የላይኛው ጠርዙ ከወለል 2 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ ወደ ደቡብ የሚያይና መከለያ የሌለው መስኮት፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ በጀርመኗ በርሊን 8 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ፀሐይ ያስገባል። ጅማ ላይ ግን የሚገባው 1 ሜትር ከ20 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ደግሞ የጅማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል፣ በዚያው የደቡብ መስኮት በቀትር ጨርሶ አትገባም። ስለዚህ በቀትር ሶፋ ላይ የተዘረጋ ፀሐይ የሚያሳይ ምስል ለጅማ ሳሎን አይሆንም፤ እንዲህ ጠልቆ የሚገባው የጠዋትና የማታ ፀሐይ ነው፣ እሱም መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ካየ።

ሌላም ምልክት አለ። የክፍሉ የመጨረሻ ጥግና ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሰማይ እኩል ደምቀው ከታዩ፣ ሠሪው በምስሉ ውስጥ የማይታይ መብራት ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ለዓይን ያምራል፤ መብራት በጠፋበት የሐምሌ ከሰዓት ግን ያ ጥግ ጨለማ ነው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት የሚቆመው የጎረቤት ግድግዳም በምስሉ ላይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ገዢው ምስሉ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደተሠራ፣ ሰሜን በየት በኩል እንደሆነና የተጨመረ መብራት እንዳለ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱን ለማመሳከር ቀጥ ያለ ዱላ ይበቃል። በባዶው ቦታ ላይ የቆመ የ1 ሜትር ዱላ በጅማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ 60 ሴንቲሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል፤ በሰኔ አጋማሽ ደግሞ 28 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ደቡብ። ምስሉ ከዚህ ጋር ካልተስማማ ሠሪው የአገሩን፣ የቀኑንና የሰዓቱን ቁጥር አስተካክሎ እንደገና እንዲያወጣው መጠየቅ ይቻላል።