በብሔራዊ ፓርክ የሚፈጸም ጋብቻ እና ምሥጢረ ተክሊል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኦርቶዶክሳውያን ወጣቶች ስለ ጋብቻ ሲመካከሩ ከሚያነሧቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ሁለታችን ብቻ፣ ወይም ከጥቂት ወዳጆቻችን ጋር፣ ተራራና ፏፏቴ ወዳለበት ብሔራዊ ፓርክ ሄደን በዚያ ቃል ኪዳን ብንገባ ምን ነውር አለው?» ጥያቄው ከቅንነት የሚነሣበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በቍጣ ሳይሆን በማስረዳት ሊመለስ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ድርጊቱ ምን እንደ ሆነ፣ ወጣቶችን ወደዚያ የሚገፋቸው ምን እንደ ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻ ምን እንደምታስተምርና ጥንዶች ምን ማድረግ እንደሚገባቸው በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ድርጊቱ ምንድን ነው?

በእንግሊዝኛ «ኢሎፕመንት» የሚባለው ቃል የጥንት ትርጕሙ በእኛ ሀገር «ኮብለላ» ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ወላጆች ያልፈቀዱትን ጋብቻ ለመፈጸም ሁለቱ ተስማምተው በስውር መጥፋት ማለት ነው። ዛሬ በአሜሪካ ቃሉ ትርጕሙን ለውጧል። አሁን የሚያመለክተው አስቀድሞ ታቅዶ፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር ወይም ያለ ማንም ታዳሚ፣ ውብ በሆነ ሥፍራ የሚፈጸምን ጋብቻ ነው። ለዚህም የሚመረጡት እንደ ዮሰማይት፣ ሮኪ ማውንቴን፣ ማውንት ሬኒየርና ሸናንዶዋ ያሉት ብሔራዊ ፓርኮች ናቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው የዋሽንግተን ዲሲ፣ የዴንቨርና የሲያትል ከተሞች ለእነዚህ ፓርኮች ቅርብ መሆናቸው ነገሩን ለልጆቻችን ይበልጥ አቅርቦታል።

በአሠራሩ ሁለት ዐይነት ፈቃድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ፓርኩ የሚሰጠው ልዩ የአጠቃቀም ፈቃድ ነው። የታዳሚው ቍጥር፣ ሥፍራውና ሰዓቱ በዚህ ይወሰናል። ሩዝ ወይም የወረቀት ብጣሽ መበተንን የመሰሉ ድርጊቶችም ይከለከላሉ። ሁለተኛው የካውንቲ ጽሕፈት ቤት የሚሰጠው የጋብቻ ፈቃድ ነው። ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በኮሎራዶ ጥንዶቹ አስፈጻሚም ሆነ ምስክር ሳይኖራቸው ራሳቸው ፈርመው መጋባት ይችላሉ። ምስክር ስለማያስፈልግም በምስክር መስመር ላይ የውሻቸውን መዳፍ የሚያትሙ ጥንዶች አሉ። በዋሽንግተን ግዛት ግን አስፈጻሚና ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። በሌሎች ቦታዎች ደግሞ በኢንተርኔት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የአስፈጻሚነት ወረቀት ያገኘ ጓደኛ ያጋባቸዋል።

ወጣቶቹ የሚሸሹት ምንን ነው?

ልጆቻችን ወደ ተራራ የሚሄዱት ሁልጊዜ ቤተ ክርስቲያንን ጠልተው አይደለም። አንዳንዶቹን የሚያስፈራቸው የሠርጉ ወጪ ነው። ብዙ መቶ ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ ለሚዜዎች አንድ ዐይነት ልብስ፣ የተከራዩ መኪኖች፣ ከዚያም መልስና ቅልቅል ሲደመሩ አዲሶቹ ተጋቢዎች ትዳራቸውን በዕዳ ይጀምራሉ። ሌሎችን የሚያሳቅቃቸው የቤተሰብ ጠብ ነው። ማን ይጠራ፣ ማን ይቅር፣ የማን ወገን ይቅደም በሚል ክርክር የጋብቻው ወራት የልቅሶ ወራት ይሆናል። ወላጆቻቸው ኢትዮጵያ ሆነው ቪዛ ያጡ ጥንዶችም አሉ፤ «እናቴ ከሌለች ለማን ብዬ እደግሳለሁ?» ይላሉ። በዘር ምክንያት ወላጅ የከለከላቸውም አይጠፉም።

እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ሸክሞች ናቸው። ነገር ግን ልብ ብለን ስናያቸው ከእነዚህ አንዱም ተክሊል አይደለም። አዳራሹን፣ መኪናውንና የወገን ፉክክሩን ቤተ ክርስቲያን አላዘዘችም። ወጣቶቹ የሚሸሹት ድግሱን ነው። ድግሱን ሲሸሹ ግን ምሥጢሩንም አብረው ጥለውት ይሄዳሉ። የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክትም ሁለቱን መለየት እንደሚቻልና እንደሚገባ ማሳየት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻ የምታስተምረው

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ተክሊል ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው። ምሥጢር የተባለው በሚታየው ሥርዓት የማይታይ የእግዚአብሔር ጸጋ ስለሚሰጥበት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የባልና የሚስትን አንድነት በክርስቶስና በቤተ ክርስቲያን አንድነት መስሎ ታላቅ ምሥጢር መሆኑን አስተምሯል (ኤፌ. 5፥31-32)። ጌታችን ስለ ጋብቻ ሲጠየቅም የሚያጣምረው እግዚአብሔር መሆኑን ተናግሯል (ማቴ. 19፥6)። በዓለም ሕግ የጋብቻው ባለቤቶች ሁለቱ ተስማሚዎች ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ግን የሁለቱ ፈቃድ የግድ አስፈላጊ ቢሆንም የሚያጣምራቸው እግዚአብሔር ነው፤ ይህንንም የሚፈጽመው በካህናቱ አገልግሎት ነው።

ይህ ትምህርት ኋላ የመጣ አይደለም። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሰማዕትነት ያረፈው ቅዱስ አግናጥዮስ ምጥው ለአንበሳ ለቅዱስ ፖሊካርፐስ በጻፈው መልእክቱ፣ የሚጋቡ ምእመናን በኤጲስ ቆጶሱ ዕውቅና እንዲጋቡ አስተምሯል። ይህም ጋብቻቸው እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ እንጂ እንደ ሥጋ ፈቃድ እንዳይሆን ነው። ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 24 ስለ ጋብቻ ሲደነግግ፣ ካህናት ተገኝተው ካልጸለዩና ተጋቢዎቹ ቅዱስ ቍርባን ካልተቀበሉ ጋብቻው ፍጹም እንደማይሆን ያስረዳል።

እዚህ ላይ «ካህኑ ወደ ፓርኩ መጥተው ቢጸልዩልንስ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ካህን በማንኛውም ሥፍራ ሊጸልይና ሊባርክ ይችላል። ነገር ግን የተክሊል ሥርዓት ፍጻሜው ቅዳሴና ቍርባን ነው። ቅዳሴም ያለ ታቦትና ያለ ቤተ መቅደስ አይቀደስም። ሙሽሮቹ ንስሐ ገብተው፣ ጾመው፣ በማለዳ መጥተው፣ ቀለበቱና አክሊሉ ተባርኮላቸው፣ ቅብዐ ቅዱስ ተቀብተው፣ በመጨረሻ ከአንድ መሥዋዕት ይቀበላሉ። ሁለቱን አንድ ሥጋ የሚያደርጋቸው የአንዱ የክርስቶስ ሥጋና ደም ተካፋይ መሆናቸው ነው። ሥርዓቱ ከመቅደሱ የማይለየው በዚህ ምክንያት ነው።

«አዳምና ሔዋን በገነት አልነበረምን?»

በተፈጥሮ መካከል መጋባትን የሚወዱ ወጣቶች ይህን ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ጋብቻ የተፈጸመው በዛፎች መካከል ነው፤ አዳራሽም ድግስም አልነበረም ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ሔዋንን ወደ አዳም ያመጣት እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል (ዘፍ. 2፥22)። በገነት ሁለቱ ብቻቸውን ተስማምተው አልተጋቡም። አጋቢው፣ መራቂውና ምስክሩ ራሱ ፈጣሪ ነበር። ዛሬ ካህኑ በሙሽሮቹ ፊት የሚቆመው ያን አገልግሎት ለመፈጸም ነው። በቃና ዘገሊላም ጌታችን ከእናቱና ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ተጠርቶ ተገኝቷል (ዮሐ. 2፥1-11)። የወይን ጠጁ ባለቀ ጊዜ ጕድለቱ የተሞላው ጌታ ስለ ተጠራ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ተራራና ዱርን ትወዳለች። ሙሴ ሕጉን የተቀበለው በሲና ተራራ ነው። ጌታችን ክብሩን የገለጠው በደብረ ታቦር ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዝቋላ ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር ኖረዋል። በሀገራችን ብዙ ደኖች ከምንጣሮ ተርፈው የምናገኛቸው በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ወጣቶቻችን በተፈጥሮ ውበት ፈጣሪን ማድነቃቸው ከአባቶቻቸው የወረሱት መልካም ነገር ነው። ሆኖም ቅዱሳን ወደ በረሓ የሄዱት ከዓለም ተለይተው ለመመንኰስ ነው። ለሚጋባ ሰው የተመደበለት ሥፍራ ግን ማኅበረ ምእመናን ያለበት መቅደስ ነው። ጋብቻ ለሁለት ሰዎች ብቻ የሚተው ጕዳይ አይደለም። ጥንዶቹ ሲጣሉ የሚያስታርቃቸው፣ ልጅ ሲወልዱ ክርስትና የሚያነሣላቸው፣ ሲያዝኑ የሚያጽናናቸው ይኸው ማኅበር ነው። ቃል ኪዳናቸውን ሲገቡ ያላያቸው ማኅበር፣ በፈተናቸው ቀን የሚደርስላቸው በምን ዐውቆ ነው?

ሁለቱን ሳይቃረኑ ማቀድ ይቻላል

ትንሽና ጸጥ ያለ ጋብቻ የሚፈልጉ ጥንዶች ቤተ ክርስቲያን እንደማትከለክላቸው ማወቅ ይገባቸዋል። ለተክሊል የሚያስፈልጉት ሙሽሮቹ፣ ካህናቱ፣ ዲያቆናቱና ምስክሮች ናቸው። ዕቅዱም በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊፈጸም ይችላል።

አንደኛ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ከነፍስ አባት ጋር መመካከር ነው። ንስሐ፣ ትምህርተ ጋብቻና የቤተሰብ ጕዳይ በዚህ ይጀመራል። ወላጆች የከለከሉት በዘር ወይም በሀብት ምክንያት ከሆነ፣ ካህኑና ሽማግሎች በመካከል ገብተው ሊያግባቡ ይችላሉ። በድብቅ የተደረገ ፊርማ ግን የተዘጋውን ልብ ይበልጥ ይዘጋዋል። ድንግልናቸውን ያልጠበቁ ወይም ቀድሞ ያገቡ ካሉም ሳያፍሩ ለነፍስ አባታቸው ሊናገሩ ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ለእነርሱም የንስሐና የቍርባን ሥርዓት አላትና።

ሁለተኛ፣ ቀኑን በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቈጣጠር መምረጥ ነው። በአሜሪካ ለፓርክ የሚመቸው ወራት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በእነዚህ ወራት ውስጥ ግን ሁለት አጽዋማት አሉ። ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሐምሌ 5 (ጁላይ 12) ይዘልቃል። ጾመ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 (ኦገስት 7) እስከ ነሐሴ 16 (ኦገስት 22) ነው። ስለዚህ የሚቀረው በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ፣ እንዲሁም ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ ያለው ነው። አዳራሽና የአውሮፕላን ትኬት ከያዙ በኋላ ካህኑን መጠየቅ ለብዙ ኀዘን ምክንያት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የመንግሥቱን ሕግ መፈጸም ነው። የጋብቻ ፈቃዱ ከተክሊሉ በፊት ከካውንቲው ይወጣል፤ ካህኑም በአስፈጻሚነት ይፈርሙበታል። በሜሪላንድ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ 48 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ግዛት ሦስት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። በቨርጂንያ ካህኑ አስቀድመው ከፍርድ ቤት የአጋቢነት ሥልጣን ማግኘት አለባቸው። ፈቃዱ የሚያገለግልበት ጊዜም የተወሰነ ነው፤ በኮሎራዶ 35 ቀን፣ በቨርጂንያ 60 ቀን ነው። ይህን ቀድሞ ማጣራት ከጭንቀት ያድናል።

አራተኛ፣ ፓርኩን ለኋላ ማቆየት ነው። የቈረቡበት ዕለት በጸጥታና በአክብሮት የሚዋልበት እንጂ የሩቅ መንገድ የሚኬድበት አይደለም። በሌላ ቀን ግን ሙሽሮቹ የሠርግ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የፓርኩን ደንብ አክብረው ወደ ተራራው ቢወጡ፣ ፎቶግራፍ ቢነሡና ፈጣሪያቸውን ቢያመሰግኑ የሚነቅፋቸው የለም። ያን ጊዜ ወደ ተራራው የሚወጡት ተባርከው የተጣመሩ ባልና ሚስት ሆነው ነው።

ለወላጆች

ልጆች በስውር እንዳይጋቡ የምንፈልግ ከሆነ፣ በግልጽ መጋባትን ልናቀልላቸው ይገባል። «ሰው ምን ይለናል?» በማለት ልጁ የማይችለውን ድግስ የሚያስደግስ ወላጅ፣ ሳያውቀው ልጁን ከመቅደሱ ያርቀዋል። ወላጅ ኢትዮጵያ ሆኖ መምጣት ባይችልም፣ በስልክ የሚላክ ምርቃት ለሙሽሮቹ ትልቅ ስንቅ ነው። በቅዳሴ ማግሥት በሰበካው አዳራሽ የሚቀርብ ዳቦና ጠላ፣ በፍቅር ከተበላ፣ ሙሉ ሠርግ ነው።

አስቀድመው ለፈጸሙት

ይህን የሚያነቡ አንዳንዶች በፓርክ ወይም በማዘጋጃ ቤት ፈርመው አብረው የሚኖሩ ሊሆኑ ይችላሉ። የመንግሥት ፊርማቸው በሕግ ፊት የጸና ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ትዳራቸውን አፍርሱ አትላቸውም። የምትላቸው «ኑና በእግዚአብሔር ፊት አጽኑት» ነው። ወደ ነፍስ አባታቸው ቀርበው፣ ንስሐ ገብተው፣ በሚሰጣቸው ሥርዓት መሠረት በቅዱስ ቍርባን ትዳራቸውን ሊያትሙ ይችላሉ። ዐሥር ዓመት ቢያልፍም፣ ልጆች ቢወለዱም ጊዜው አልረፈደም። ከልጆቻቸው ጋር በአንድነት ቀርበው የሚቈርቡ ወላጆች ለቤታቸው የሚያወርሱት ከዚህ የሚበልጥ ሀብት የለም።

ጋብቻችንን የተቀደሰ፣ መኝታችንንም ንጹሕ ያደርግልን ዘንድ የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር