የኤንጅል ደሴት ግድግዳዎች

አንድ አሮጌ ቤት ይፍረስ ወይስ ይጠበቅ የሚል ክርክር ሲነሣ፣ ብዙውን ጊዜ የሚታየው የጣራውና የምሰሶው ሁኔታ ነው። ቀጥሎ የምታነቡት ግን በግድግዳው ላይ በተጻፈው ቃል ምክንያት ከመፍረስ ስለ ዳነ ቤት ነው።

ቤቱ የሚገኘው በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ሰላጤ ውስጥ ባለችው በኤንጅል ደሴት ነው። ከ1910 እስከ 1940 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደሴቲቱ የኢሚግሬሽን ጣቢያ ነበረች። ጃፓናውያን፣ ህንዳውያን፣ ሩሲያውያንና ሌሎችም በዚያ አልፈዋል። ከሁሉ ይልቅ የተጨነቁት ግን ቻይናውያን ናቸው፤ በ1882 የወጣ ሕግ ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ይከለክል ነበርና። የአሜሪካ ዜጋ ልጅ የሆነ ግን መግባት ይችል ነበር። በ1906 ከተማዪቱ በምድር መንቀጥቀጥና በእሳት ስትጠፋ የልደት መዛግብት አብረው ስለ ተቃጠሉ፣ በወረቀት ብቻ ልጅ እየተባሉ የሚመጡ በረከቱ።

መርማሪዎቹ ይህን ለመለየት ረቂቅ ጥያቄዎችን ይጠይቁ ነበር። የቤታችሁ ደረጃ ስንት ነው? የሩዙ ማስቀመጫ በየትኛው ማዕዘን ይገኛል? መልሱ ከዘመድ ቃል ጋር ካልተስማማ መመለስ ሊከተል ይችላል። እናንተስ የምትማሩበትን ሕንፃ ደረጃዎች ቁጥር አሁን ብትጠየቁ በትክክል ትመልሳላችሁን? እውነተኛው ልጅም ቢሆን ሊሳሳት ይችል ነበር።

ውሳኔው ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይፈጅ ነበር። በዚህ መራር ደጅ ጥናት ታጋቾቹ ናፍቆታቸውንና ቁጣቸውን በግጥም እያሰናኙ በእንጨቱ ግድግዳ ላይ ቀረጹ። አብዛኞቹ ስማቸውን አልጻፉም። ሠራተኞች ቀዳዳውን በስቱኮ እየደፈኑ ቀለም ቀቡበት። ከዓመታት በኋላ ግን ስቱኮው ሲኮማተርና ቀለሙ ሲሰነጣጠቅ ፊደላቱ እንደ ገና ብቅ አሉ፤ ለማጥፋት የተቀባው ቀለም እንጨቱን ጠብቆት ኖሯል!

በ1940 የአስተዳደሩ ሕንፃ በመቃጠሉ ጣቢያው ተዘጋ። በ1970 ማደሪያ ቤቱ ሊፈርስ ታስቦ ሳለ፣ የመናፈሻው ጠባቂ አሌክሳንደር ዋይስ ጽሑፎቹን አስተዋለ። አለቆቹ ነገሩን ከቁም ነገር ባይቆጥሩትም፣ እርሱ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር አስታወቀ። ከዚያም የእስያ ተወላጆች የሆኑ አሜሪካውያን፣ በተለይም የታጋቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ቤቱ እንዲጠበቅ ታገሉ፤ በ1976 የካሊፎርኒያ ምክር ቤት 250,000 ዶላር ፈቀደ። ቤቱ በ1983 ለጎብኚዎች ተከፈተ፤ በ1997 በብሔራዊ የታሪክ ቅርስነት ተመዘገበ።

«ግጥሞቹን ገልብጦ ቤቱን ማፍረስ አይቻልም ነበርን?» ትሉ ይሆናል። በእርግጥ ከ200 በላይ ግጥሞች ተገልብጠዋል። ሆኖም ግልባጭ ቃሉን እንጂ የክፍሉን ጥበትና የቢላዋውን ጥልቀት አያሳይም። ከዚህም በላይ፣ የምርመራው መዝገብ የያዘው መርማሪው ሊያውቅ የፈለገውን ነው፤ መልስ ሰጪው ሳይጠየቅ የተናገረው በግድግዳው ላይ ነው። ሁለቱን ማነጻጸር የሚቻለው ሁለቱም ሲኖሩ ነው።

የጥበቃው ሥራ በማደሪያ ቤቱ ብቻ አልተወሰነም። ስደተኞች ይመረመሩበት የነበረው ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ባዶውን ከቆየ በኋላ ታድሶ፣ በ2022 ሙዚየም ሆኖ ተከፍቷል።